የምታገባው እኔን ነው ወይስ መኪናዋን?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ቁጭ ብላችሁ መንገዱን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ አንድ ቀን ሞክሩት። መጀመሪያ የሚመጣው ድምፁ ነው። ዱም… ዱም… ዱም! የያዛችሁት የማኪያቶ ብርጭቆ ሳይቀር ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ከሥሯ ሰማያዊ መብራት የምትረጭ፣ ሆዷ አስፋልቱን ሊስም የደረሰ፣ ቸርኬዋ ዓይን የሚወጋ ቪትዝ ብቅ ትላለች። ከኋላዋ ደግሞ መጋረጃና ስቲከር ለብሳ እንደ ሙሽራ የተንቆጠቆጠች ባጃጅ ትከተላለች። ሐዋሳ ሜዳ ነች፣ መንገዷም ሰፊ ነው። ታዩልኝ ለሚል ሰው ትመቻለች።

የዛሬው ጨዋታችን የተጀመረውም እዚያው ነው። አብራኝ ሻይ የምትጠጣ አንዲት የማውቃት ልጅ ያቺን ቪትዝ በዓይኗ ሸኝታ ሳቅ አለች። ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም።

«የኔም ሰውዬ እንዲህ ነበር» አለችኝ። «የሠርጌን ድግስ ጎማ ላይ ገጠመው!»

ጉዳዩ እንዲህ ነው። እጮኛዋ የ28 ዓመት ወጣት ነው። መኪናዋን የገዛው በራሱ እቁብና ታላቅ እህቱ አረብ አገር ሰባት ዓመት ሠርታ ባጠራቀመችው ብር ነው። ስምምነቱ ግልጽ ነበር። በሥራ ቀን ወደ መሥሪያ ቤት ይሄድባታል፣ ማታና ቅዳሜ ኮንትራት ይሠራባታል፣ ከሚገኘው ላይ ለእህቱ እየመለሰ የቀረውን ለሠርግ ያጠራቅማል። ሠርጉ ለጥር ታስቦ ነበር። ጥር መጣ፣ ሄደ… ሠርግ የለም! «ብሩስ?» ብላ ስትጠይቀው «መኪናዋ ላይ ነው፣ የትም አልሄደም» አላት። ያን ጊዜ ነው እሷም «የምታገባው እኔን ነው ወይስ መኪናዋን?» ያለችው።

ደብተሩ ሲገለጥ

ልጁ አንድ መልካም ጠባይ አለው፣ ወጪውን ይጽፋል። ደብተሩን አብረን አየነው። ቸርኬና ጎማ 140 ሺህ፣ ስፒከርና አምፕሊፋየር 65 ሺህ፣ መብራት 18 ሺህ፣ ሞላ ማስቆረጥ ከነእጅ ዋጋው 12 ሺህ፣ ማርሚታ ማስቀየር 15 ሺህ፣ የወንበር ልብስና ስቲከር 20 ሺህ። ድምሩ 270 ሺህ ብር! ጎበዝ፣ ይህ የአንድ ቀን እብደት አይደለም። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየተባለ የተጠራቀመ ነው። ሰው መኪና ላይ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ቢጠየቅ ይደነግጣል፤ በቁንጥርጥር ሲሆን ግን እጁን ሰደድ ያደርጋል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ስለዚህ አቶቴ አካባቢ ዕድሜያቸውን በጋራዥ የፈጁ አንድ አባት ዘንድ ሄጄ እያንዳንዱን ነገር ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለሁልጊዜ መንጃ ይጠቅማል?» ብላቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ልጄ፣ ጃፓኖቹ ይቺን መኪና ሲሠሩ ሰክረው አልነበረም» አሉኝና አንድ በአንድ ያስረዱኝ ጀመር።

ቸርኬው

ጎማ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ስንቶቻችን እናነባለን? 175/65 ባለ 14 የሚል ጎማ ብታዩ፣ የመጀመሪያው ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። የመጨረሻው የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። ታዲያ የዚህ ጎማ ጎን ቁመት 114 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ልጁ የገጠመው ግን 195/45 ባለ 16 ነው። ጎኑ 88 ሚሊ ሜትር ብቻ! 26 ሚሊ ሜትር ጎማ ሄዶ በብረት ተተክቷል ማለት ነው።

«ምን አለበት?» ትሉ ይሆናል። ጎማው ውስጥ ያለው አየር የመኪናዋ ትራስ ነው። ኮብልስቶን ላይ፣ ጉድጓድ ላይ፣ በየሰፈሩ ያለ ምልክት የሚሠራው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስትወጡ ትራሱ ቀጭን ከሆነ ምቱ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል። ቸርኬው ይጣመማል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጎሚስታው ደንበኛችሁ ይሆናል።

ቁመቱ ያልተቀነሰ ትልቅ ጎማ ልግጠም የሚል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። 195/55 ባለ 16 ከዚያኛው በ6 በመቶ ተኩል ያህል ይበልጣል። ክሩስኮቱ ላይ 60 ሲል መኪናዋ የምትሮጠው ወደ 64 ነው። ትራፊክ ሲያስቆማችሁ «60 ነበርኩ» ብትሉ ማን ይሰማችኋል?

ሞላ ማስቆረጥ

ሞላ መቁረጥ በግራይንደር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጣጣው ግን ይረዝማል። የተቆረጠ ሞላ ያጥራል፣ ይደርቃል። መኪናዋ ዝቅ ስትል የጎማዎቹ አቀማመጥ ይዛነፍና የውስጠኛው ጠርዝ ብቻ አስፋልቱን ይፈጫል። ከውጭ ሲታይ አዲስ የሚመስለው ጎማ ከውስጥ በኩል መላጣ ይሆናል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን። በዚያ ላይ የሞተር ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓ ለድንጋይ ይጋለጣል። እሱ ተቀዶ ዘይቱ ፈስሶ ሳይታወቅ ከተነዳ ሞተሩ ይነክሳል። ያኔ 12 ሺህ ብሩ መቶ ሺዎችን ይጠራል።

ከፍ ማስደረግስ? ለገጠር መንገድ ጥቂት ከፍ ማለት ይረዳል። ከልክ ካለፈ ግን መኪናዋ ኩርባ ላይ ትወዛወዛለች፣ ከማርሽ ሳጥኑ ጉልበቱን ወደ ፊት ጎማ የሚወስደው ብረትም ጠመም ብሎ ስለሚሠራ ቶሎ ያልቃል።

መብራትና ሙዚቃ

ብዙ መኪና ላይ ያለው የተለመደው ባለ ሁለት ብርሃን አምፖል 60 ዋት ነው። 60 ለ12 ቮልት ሲካፈል 5 አምፔር። እሱን አውጥተው 100 ዋት ሲያስገቡ 8.3 አምፔር ይሆናል። ሽቦው ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ግን በዚያው ልክ አይደለም የሚጨምረው፣ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል! ፋብሪካው የዘረጋው ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም። ይሞቃል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ ቀሪውን እናንተ ገምቱት። ነጩ ኃይለኛ መብራት ደግሞ ለሌላ አምፖል በተሠራ ፋኖስ ውስጥ ሲገባ ብርሃኑን ይበትነዋል። ማታ በሻሸመኔ መንገድ የሚመጣ ሾፌር ዓይኑ ታወረ ማለት እናንተም አደጋ ላይ ናችሁ ማለት ነው። ያየላችሁ ሳይሆን ያላያችሁ ነው የሚገጫችሁ!

ሙዚቃውም እንደዚያው ነው። እውነተኛ 500 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ሲጮህ ከ40 አምፔር በላይ ይጠጣል። የትንሽ መኪና ባትሪ ሞተር ጠፍቶ አሞራ ገደል ዳር በዚህ ጩኸት ቢከፈት አንድ ሰዓት አይቆይም። ከዚያ «ወንድሜ፣ ትንሽ ግፋልኝ» ነው። ጎረቤት ያለ ሕመምተኛና አራስ የሚለውንማ ለኅሊናችሁ ትቼዋለሁ።

«ጉልበት ይጨምራል» የሚባለው ማርሚታ

ልጁን በጣም ያታለለው ይሄ ነው። «ማርሚታዋን ክፈታት፣ ትበራለች» ብለውት ከፈታት። በረረች? ጮኸች እንጂ!

ምክንያቱ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ የቪትዝ ባለ 1000 ሲሲ ሞተሮች የተሠሩት 70 የፈረስ ጉልበት እንዲያወጡ ነው። ይህ ግን አየሩ ወፍራም በሆነበት በባሕር ጠለል ላይ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ያንሰዋል። ከ70ው ላይ 10 ያህሉን ከፍታው ቀድሞ ወስዶታል። ይህን የሄደ ጉልበት የማርሚታ ቀዳዳ አያመጣውም። አየር እየገፋ የሚያስገባ መሣሪያ ካልተገጠመ በቀር ሊመጣ አይችልም፣ ያ ደግሞ የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል። ንጹሕ የአየር ማጣሪያ፣ ደህና ካንዴላ፣ በወቅቱ የሚቀየር ዘይት… ያልተቀየረላት ነገር ይህ ነበር!

ያቺ የነሐሴ ቀን

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ዝናብ እንደ ጉድ ይወርዳል። ልጁ ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ እየመጣ ነው። አንዲት እናት ልጅ አዝላ፣ በላይዋ ፕላስቲክ ደርባ ዜብራ ላይ ገባች። ፍሬን ያዘ። ፔዳሉ ወደ ታች ሰመጠ፣ መኪናዋ ግን አልቆም አለች። ጎማው ከውስጥ መላጣ ሆኖ ስለነበር ውኃው ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተች። እናትየዋ ቆማ ቀረች፣ መሮጥም አልቻለች። መኪናዋ በመጨረሻ ስትቆም በሁለቱ መካከል የቀረው አንድ ስንዝር ነበር።

«አልሰደበችኝም» አለኝ ልጁ። «እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የልጇን እግር ዳበሰችና ተሻገረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

የዚያን ዕለት ማታ ደብተሩን አወጣ። የ270 ሺህ ብር ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር የለም፦ የፍሬን ሸራ። መካኒኩ ሁለት ጊዜ «አልቋል፣ ቀይረው» ብለውት ነበር። እሱ ግን «በሚቀጥለው ወር» እያለ ስፒከር ገዝቶበታል። እህቱ በስልክ «መኪናዋ እንዴት ሆነች?» ስትለው የቸርኬዋን ፎቶ ይልክላት እንደነበርም ነገረኝ። ይህን ሲል ቀና ብሎ አላየኝም።

ታዲያ ምንም አይነካ?

እንደሱ አላልኩም። ወጣትነት ነው፣ ማማር ማን ይጠላል? አዲስ አበባም ሆነ ሌላ ቦታ አሮጌ ቮልሳቸውን አድሰው እንደ ልጅ የሚንከባከቡ ሰዎች አሉ። እነሱ ግን በትርፍ ብራቸው ነው፣ ሥራቸውን ቀስ ብለው ያውቁታል፣ ለቀን ጉርስ የሚሯሯጡበት መኪና ሌላ ነው። በጀርመን አገር ደግሞ ያልተፈቀደ ዕቃ የገጠመ ሰው መኪናውን አስመርምሮ በወረቀት ማስመዝገብ አለበት። ሰዎቹ ማማር ጠልተው አይደለም፣ የገጠምከው ነገር ሌላ ሰው እንዳይገድል ብለው እንጂ። እኛም ብንሆን ቦሎ የምናድሰው ለወጉ መሆን የለበትም።

ለዕለት ተዕለት መንጃ ዋጋቸውን የሚመልሱት እነዚህ ናቸው፦

አንደኛ፣ በትክክለኛው መጠን የተገዛ ደህና ጎማ። ቸርኬው የድሮው ይሁን፣ ጎማው ግን አይሰሰትበት። ሁለተኛ፣ ፍሬን፦ ሸራውም ዘይቱም። ሦስተኛ፣ ከሞተር ሥር የሚታሰር ጠንካራ ላሜራ፣ ለድንጋይና ለጉብታ። አራተኛ፣ አላርም ወይም መኪናዋ ያለችበትን የሚጠቁም መሣሪያ። አምስተኛ፣ ኮንትራት ለሚሠራ ሰው የሚታጠብ የወንበር ልብስና የኋላ ካሜራ። መስታወት ማስጠቆር የሚያምራችሁ ካላችሁ ማታ በዝናብ በጎን መስታወት ማየት እንዳለባችሁ አትርሱ።

ቀለም ማስቀየር የሚያስቡ ደግሞ ሊብሬውን ቀድመው ይመልከቱ፣ ቀለሙ እዚያ ተጽፏል። ሙሉ ኢንሹራንስ ያላቸውም የቀየሩትን ነገር አስቀድመው ለኩባንያው ቢያሳውቁ ይሻላል። ከአደጋ በኋላ መከራከር አይመችም።

«ስሸጠው ብሬን አገኘዋለሁ» የሚለውን እርሱት። መኪና ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሞተሩ ተከፍቷል?» ብሎ ነው። ቀጥሎ «የራሱ ቸርኬ የታል?» ይላል። ያልተነካ መኪና ነው የሚፈለገው። ይልቁንም ዘመኑን አስቡ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ዋጋው የት እንደደረሰ ጋራዥ የገባ ያውቀዋል። ከዚያው ዓመት ጥር ወር አንሥቶ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በእጃችሁ ያለችውን ይዛችሁ ብትቆዩ ነው የሚሻለው፣ ለመቆየት ደግሞ ጤና ትፈልጋለች።

መጨረሻው

ልጁ ቸርኬውን ሸጠው። 140 ሺህ የወጣበትን በ60 ሺህ! በብሩ ፍሬኑን አስጠገነ፣ ሞላዋን መለሰ፣ ደህና ጎማ ገጠመ። ለእህቱም ደውሎ እውነቱን ነገራት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «አንተ ብቻ ደህና ሁን» አለችው። ሰባት ዓመት የሰው ቤት የሠራች ሴት እንዲህ አለች! ከዚያ ወዲህ በየወሩ ይመልስላታል።

ሠርጉስ? ለዳግማ ትንሣኤ ተቆርጧል፣ ድግሱ ግን አነስ ያለ ነው። «እንኳንም አነሰ» አለችኝ ልጅቱ፣ ሻይዋን እየጨረሰች። «አንድ ነገር ብቻ አልሸጥም ብሎኛል፣ ስፒከሩን። ለሠርጉ ቀን ባንድ ከመከራየት ያድነናል ይላል።»

እኔ ምን ልበል? ለአንድ ቀንማ ይጩህ!

እናንተም ከማሳመራችሁ በፊት ፍሬናችሁን እዩልኝ። ቸር ይግጠመን።