«ፍሪሲዮን ነው» ያለው ማን ነው?

ባለፈው ክረምት የመጡ አንድ ደንበኛ አሁንም ይከነክኑኛል። መኪናው ዲኤክስ ኮሮላ ነው፤ በደላላ የተገዛ፣ ከሳቸው በፊት ስንት እጅ እንዳለፈ የማይታወቅ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ፍሪሲዮን አስቀይረዋል፣ ሁለቱንም ሌላ ጋራዥ። «ከቀበና ድልድይ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር ስወጣ ነዳጅ ስሰጠው ያመነታል፣ ከዚያ በድንገት ይወረወራል። እባክህ ሦስተኛውን አንተ እሰርልኝ» አሉ። ዕቃውን ከነካርቶኑ ገዝተው ነው የመጡት። ዳገቱን ወጥቼበት ተመለስኩ። ፍሪሲዮኑ ምንም አልሆነም። ካርቡራተሩ ላይ ፔዳል ሲረገጥ ቤንዚን የምትረጨው የትንሿ ፓምፕ ጎማ ደርቃ ተሰንጥቃለች። ቀየርኳት። ሒሳቡን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ፤ «ለዚች ጎማ? ካምቢዮ እንኳ አላወረድክም እኮ!»

ይህቺ «ካምቢዮ አላወረድክም» የምትል አነጋገር ታበግነኛለች። ደንበኛ የሚከፍለው በዓይኑ ለሚያየው ነው፤ ለተፈታ ብሎን፣ ለወረደ ካምቢዮ፣ ለአዲስ ካርቶን። መካኒኩ ነድቶ፣ አዳምጦ፣ አሽትቶ «ፍሪሲዮንህ ደህና ነው» ቢል ያ ሥራ ሆኖ አይቆጠርለትም፤ እንዲያውም «ምንም አልሠራም» ተብሎ ይወራበታል። መካኒክም የቤት ኪራይ ይከፍላል። ምርመራ እንጀራ ካልሆነ ምርመራውን ዘሎ እንጀራ ወዳለበት መሄዱ አይቀርም። ለዚህ ነው ደላላው፣ ሾፌሩ፣ የዕቃ ሻጩና አንዳንዱ የሙያ ባልደረባዬ ሳይነጋገሩ የሚስማሙት። ጉልበት ያጣ መኪና ሁሉ «ፍሪሲዮን ነው» ይባላል፤ ጉንፋን የያዘውን ሰው ጫማ ቀይር እንደማለት ነው።

ልዩነቱን ለመለየት እኮ ጆሮ ይበቃል። ፍሪሲዮን ሲንሸራተት ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም፤ ነዳጅ በተጨመረ ቁጥር ጩኸቱ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ባለበት ይቀራል። ሞተር ሲያመነታ ግን ድምፁም አብሮ ይታፈናል፣ ይተናነቃል፣ አንዳንዴም በካርቡራተሩ በኩል ያስነጥሳል። ጩኸቱ ከጉዞው ከተለየ ፍሪሲዮኑን እጠረጥራለሁ፤ ሁለቱ አብረው ከወደቁ ካምቢዮውን የማወርድበት ምክንያት የለኝም። ሽታውም ይለያል፤ የተቃጠለ የፍሪሲዮን ሸራ ሽታ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል፣ ካልተቃጠለ ቤንዚን ሽታ ጋር የሚያምታታው የለም። በአራተኛ ማርሽ፣ በመካከለኛ ፍጥነት፣ ዳገት ላይ ነዳጁን ጠበቅ አድርጎ መርገጥና ማዳመጥ ነው። አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ላይ ሙከራ ማብዛት ራሱ ይጨርሰዋል።

የደላሎች ሙከራ ሌላ ነው። የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ይለቁታል፤ ሞተሩ ከጠፋ «ይኸው፣ አዲስ ነው!» ይላሉ። ይህ ሙከራ የሚያጋልጠው ጨርሶ የሞተውን ብቻ ነው። ግማሹ ያለቀ ወይም ከክራንኩ ኋላ በሚያንጠባጥብ ዘይት የራሰ ሸራ ሜዳ ላይ፣ በቀዝቃዛ ሞተር፣ ያለጭነት ፈተናውን ያልፋል። ገዢው ቤተሰቡን ጭኖ ጉራራ ዳገት መሃል ሲደርስና ሸራው ሲግል ነው እውነቱ የሚወጣው። ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ መኪናም እንዲሁ በጅምላ ይፈረድበታል፤ ሞተሩን የያዙት ጎሚኒዎች ተበጥሰው እንደሆነ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ማንን ገደለ?

ስለ አየራችን ግን ማንም አያነሳም። ቀበና ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ገና ከጊቢ ሳይወጣ የጉልበቱን ሩብ አጥቷል ማለት ነው። እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር ሲታለፍ የሚጎድለው ወደ ሲሶ ይጠጋል። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሰኞ ጠዋት የምሰማው ስሞታ ተመሳሳይ ነው፤ «ትናንት ቤተሰብ ይዤ እንጦጦ ስወጣ ጉልበት አጣ፣ ፍሪሲዮኑ ነው መሰል።» አምስት ሰው ጭኖ፣ ባለ 1,300 ሲሲ ሞተር ይዞ፣ የአየሩ ሲሶ በሌለበት ተራራ፣ በሦስተኛ ማርሽ! መድኃኒቱ ማርሽ መቀነስ ነው፤ ሁለተኛ አስገብቶ፣ ሞተሩን በዙር አሠርቶ መውጣት። ይህን ለመናገር ግን ሒሳብ አይጠየቅበትም።

ካርቡራተር ያላቸው መኪኖች ላይ ጣጣው ይብሳል። ካርቡራተሩ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ በባሕር ወለል የተለካለትን ቤንዚን ያፈሳል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ሞተሩ ይንቀረፈፋል። ይህን ያየ አንዳንዱ ባለሙያ «ጉልበት ልጨምርለት» ብሎ የቤንዚን መግቢያዋን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ያሰፋታል። የታነቀውን የባሰ ማነቅ ይሏል ይሄ ነው። የሚያስፈልገው ቤንዚኑን መቀነስና ካንዴላው የሚተኩስበትን ጊዜ በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ነው። ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች አየሩን ለክተው ቤንዚኑን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የጎደለውን አየር ግን እነሱም ከየት ያመጡታል?

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የተለመደው ነው፤ ያረጀ ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ የተደፈነ የቤንዚን ፍልትሮ፣ አየር የሚስብ የተሰነጠቀ ቱቦ። ነዳጅ በጠፋ ሰሞን መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን የቀዳ መኪና ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው ውኃና ቆሻሻ ተሸክሞ እኔ ዘንድ ይደርሳል። የዚህም ምልክት ማመንታት ነው፤ ለዚህም «ፍሪሲዮን ነው» የተባለበት ሰው አይቻለሁ።

«በኮምፒውተር ይታይልኝ» የሚሉም በዝተዋል። ይታይ። ኮምፒውተሩ የአየር መለኪያውን፣ የኦክስጅን መለኪያውን ያነባል፤ የፍሪሲዮን ሸራ ማለቁን የሚነግረው ነገር ግን የለውም። ስክሪኑ ላይ ምንም ጥፋት አለመምጣቱ ፍሪሲዮኑ ደህና ነው ማለት አይደለም፣ ሞቷል ማለትም አይደለም።

ፍሪሲዮን አያልቅም አላልኩም። ከተማችን ዳገት ናት፤ ሾፌሮቻችን ደግሞ ዳገት ላይ መኪና በፍሬን መያዝ እንደ ሽንፈት ይቆጥሩታል። ከቀበና ወደ አራት ኪሎ በሚወስደው ዳገት መንገዱ ሲዘጋ ተመልከቱ፤ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ለቀው፣ ነዳጅ እየሰጡ፣ መኪናዋን አንጠልጥለው ወደፊት ወደኋላ ያወዛውዟታል። ሸራው የሚበላው እዚያ ነው። ሲንሸራተት ደግሞ በተገላቢጦሽ ሞተሩ ላይ ተፈርዶበት፣ ቴስታታ ተከፍቶ፣ ፋሻ ተቀይሮ፣ መኪናው እንደነበረ ይመለሳል። ይህኛው ስሕተት ከመጀመሪያው ያንሳል፤ ዋጋው ግን ይበልጣል።

እነዚህ አሮጌ መኪኖች ደግሞ ቶሎ አይለቁንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና በሚያስመጣ ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። እዚሁ ያለው ዲኤክስ ገና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ከደላላው ምርመራ ጋር።

ስለዚህ ጋራዥ ስትመጡ «ፍሪሲዮን ቀይርልኝ» አትበሉን። መቼ እንደሚያመነታ፣ በስንተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይሁን ሲሞቅ፣ ድምፁ ይጨምር ይሁን ይታፈን ንገሩን፤ ፍርዱን ለእኛ ተዉት። የምርመራውንም ዋጋ መጀመሪያ ተነጋግራችሁ ክፈሉ፣ ምንም ባይቀየርም። ፍሪሲዮን ከተቀየረ ደግሞ አሮጌውን ዲስክ ሳትረከቡ አትሂዱ። የቶዮታ የጥገና መመሪያ የሚፈቅደው ሸራውን ከዲስኩ ጋር የያዘው የሪቬት ራስ ከሸራው ወለል 0.3 ሚሊሜትር ገባ ብሎ እስኪቀር ድረስ ነው። ሪቬቱ ጠልቆ ከታየ፣ ሸራው ዘይት ካልነካውና ካልተቃጠለ፣ የተጣለላችሁ ደህና ፍሪሲዮን ነው።