የብርሃን ልጓም

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ካለችው ከሚሴ እስከ ባቲ ድረስ፣ በየወረዳው አዳራሽ ሥልጠና ሲከፈት ብዙ ጊዜ ከንግግሩ የሚቀድመው ኬብል ፍለጋ ነው። የግብርና ባለሙያዎቹ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ወይም መምህራኑ ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል፤ ላፕቶፑ ተከፍቷል፤ ፕሮጀክተሩም ከጠረጴዛው ላይ በሁለት መጽሐፍ ተደግፎ ቆሟል። ግድግዳው ላይ የሚታየው ግን ሲግናል እንደሌለ የሚናገር ባዶ ሰማያዊ መደብ ብቻ ነው። «አይቲው ይጠራ» ይባላል። አይቲው እስኪደርስ የሚባክነው ጊዜ ከአርጡማ ፉርሲ ወይም ከጅሌ ጥሙጋ ቀበሌዎች ማልዶ ተነሥቶ የመጣ ሰው ጊዜ ነው። ፕሮጀክተር ማገናኘትና ማዘዝ የቴክኒሻን ሥራ ሆኖ መቆጠሩ ስሕተት ነው። ሙያው የአስተማሪው የራሱ ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያው ጥቅም የሚሰጠው ብርሃኑን በሚፈለግበት ሰዓት ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስና ማጥፋት የሚችል ሰው እጅ ሲገባ ነው።

መሣሪያው ራሱ የሚያስፈራ አይደለም። በውስጡ ብርቱ መብራት አለ። ይህ ነጭ ብርሃን በአንዱ ዓይነት ፕሮጀክተር ውስጥ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ይከፈልና በሦስት ትንንሽ የመስታወት ሰሌዳዎች አልፎ፣ ሥዕሉን ይዞ እንደገና ተገጣጥሞ በሌንሱ ይወጣል። በሌላው ዓይነት ደግሞ ላሪ ሆርንቤክ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1987 በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የፈለሰፈው ቺፕ አለ፤ ላዩ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ፣ ከጠጉር በቀጠኑ መስታወቶች የተሸፈነ ነው። እያንዳንዱ መስታወት በሰከንድ ሺህ ጊዜ እየተገለባበጠ ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ይልካል ወይም ይከለክላል። ተጠቃሚው ከዚህ ሁሉ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ብርሃኑ የተወሰነ ነው። ሥዕሉ በሰፋ ቁጥር ያው ብርሃን ሰፊ ቦታ ላይ ይበተናል። የሥዕሉ ወርድ ከ3 ሜትር ወደ 1 ሜትር ተኩል ቢቀንስ ድምቀቱ 4 እጥፍ ይሆናል። ፀሐይ በመስኮት በሚገባበት አዳራሽ ውስጥ ሥዕሉ ደብዝዞ ሲታይ ብዙ ሰው «ፕሮጀክተሩ ደክሟል» ይላል፤ መፍትሔው ግን መሣሪያውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ሥዕሉን ማሳነስና ሰዉን ወደ ፊት ማምጣት ነው። በክፍል ውስጥ የሚሠራባቸው ብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች ከግድግዳው 3 ሜትር ሲርቁ 2 ሜትር ገደማ ወርድ ያለው ሥዕል ይሰጣሉ፤ ለአርባ ሰው ይህ ይበቃል።

ሙቀትና ከፍታም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። ብዙ አምራቾች ከ1,500 ሜትር በላይ የከፍታ ቦታ ማስተካከያ እንዲበራ ያዝዛሉ፤ አየሩ ሲሳሳ ሙቀትን የመሸከም ዐቅሙ ስለሚቀንስ ማራገቢያው ፈጥኖ መዞር አለበት። በከሚሴ ያለ ችግር የሚሠራ ፕሮጀክተር ለስብሰባ ደሴ ወጥቶ በድንገት ቢጠፋ ተበላሽቷል ከማለት በፊት ምናሌው ውስጥ ያለችውን ይህችን ምርጫ ማየት ይገባል። ከሚሴ ባለችበት ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ሥጋቱ አቧራና ሙቀት ነው፤ የአየር ማጣሪያው ካልተራገፈ መብራቱ ዕድሜው ሳይደርስ ይሞታል።

ማገናኘት ስንል የሁለት መሣሪያዎች ንግግር ማለታችን ነው። ኬብሉ ሲሰካ ኮምፒዩተሩ ሥዕል ከመላኩ በፊት ፕሮጀክተሩን «ምን ያህል መጠን ትቀበላለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፕሮጀክተሩም ማንነቱንና የሚችለውን ልክ ይመልሳል። ይህ ንግግር ከተቋረጠ ሥዕል የለም፤ ካለም የተዛባ ነው። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ባለ 15 እሾህ ቪጂኤ ዛሬም በብዙ መሥሪያ ቤቶች አለ። ከእሾሆቹ አንዱ ከታጠፈ ቀለም ይጎድላል፤ ግድግዳው ሁሉ ቢጫ ወይም ሐምራዊ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ቪጂኤ ድምፅ አይሸከምም። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ የወጣው ኤችዲኤምአይ ግን ሥዕልና ድምፅ አብሮ ያስተላልፋል። ስለዚህ አንድ አሠልጣኝ ኬብሉን በሁለቱም ጫፍ አጥብቆ ከሰካ በኋላ በሪሞቱ «ሶርስ» የሚለውን ተጭኖ የሰካበትን በር ይመርጣል፤ ቀጥሎ በላፕቶፑ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ «ፒ»ን ይጫናል። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ያለችው ይህች አቋራጭ አራት ምርጫ ትሰጣለች፦ ኮምፒዩተሩ ላይ ብቻ፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት፣ ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ገጽ፣ ወይም ግድግዳው ላይ ብቻ። አይቲው ተጠርቶ ከሚፈታቸው ችግሮች እጅግ ብዙዎቹ በሶርስና በዚህች አቋራጭ የሚያልቁ ናቸው።

ከአራቱ ውስጥ ሦስተኛው ምርጫ ብዙም ሲሠራበት አይታይም፤ ለአስተማሪ የሚበጀው ግን እሱ ነው። ሠልጣኙ ግድግዳው ላይ ስላይዱን ብቻ ሲያይ፣ አስተማሪው በላፕቶፑ ላይ የአሁኑን ስላይድ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ የራሱን ማስታወሻና ያለፈውን ደቂቃ ያያል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ማንበብ አያስፈልገውም፤ ሰዉን እያየ ይናገራል። አንድ ዓይነት ሥዕል በሁለቱም ላይ ሲሆን ግን አስተማሪው የሚያውቀው አድማጩ የሚያነበውን ያህል ብቻ ይሆንና ሥልጠናው ወደ ጮክ ብሎ ማንበብ ይወርዳል።

መሣሪያው በአስተማሪው እጅ ሊታዘዝ እንደሚገባ አገራችን በትልቅ ዋጋ ተምራለች። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚመጣ የቴሌቪዥን ትምህርት ጀመሩ፤ ሕዝቡ «ፕላዝማ» አለው። ትምህርቶቹ በደቡብ አፍሪካ ተቀርጸው በእንግሊዝኛ ይተላለፉ ነበር። ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት ተማሪው የኬሚስትሪ ሙከራ እንዲያይ ማድረጋቸው እውነተኛ ውለታ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ሥርጭቱ ግን በአንድ ሰዓት ለአገሩ ሁሉ ስለሚለቀቅ መምህሩ ሊያቆመው አይችልም ነበር። ተማሪው ሳይገባው አልፎ ይሄዳል፤ ጥያቄ ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ ተቆጥሮ ያልቃል፤ ለመምህሩ የቀረችለት ጥቂት ደቂቃ መግቢያና መዝጊያ ላይ ነበረች። ያኔ የተነሣው ቅሬታ ስለ ሥዕሉ ጥራት አልነበረም፤ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ቋንቋውና ልጓሙ በመምህሩ እጅ ስላለመሆኑ ነበር። ፕሮጀክተር ከፕላዝማ የሚለየው በዚህ ነው። ለማቆም የሳተላይት ጣቢያ አይለመንም፤ አንድ ጣት ይበቃል። ሆኖም ያን ጣት የት እንደሚያሳርፍ የማያውቅ አስተማሪ ሠላሳ ስላይድ ሳያቆም ሲያሳልፍ፣ ፕላዝማውን በገዛ እጁ መልሶ ተከለው ማለት ነው።

ልጓሙ በተግባር ምን እንደሆነ በጨፋ ረግረግ ጉዳይ ማሳየት ይቻላል። በቦርከና ወንዝ ዳር የተዘረጋው ይህ ረግረግ በበጋ የብዙ ሰው ተስፋ ነው፤ ከአፋር በኩል የሚመጡ አርብቶ አደሮችም፣ የአካባቢው ኦሮሞዎችና አርጎባዎችም ከብቶቻቸውን ይነዱበታል። በሌላ በኩል ለእርሻ እየተቆረሰ ሣሩ ጠቧል። እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ለመወያየት የሸለቆውን የሳተላይት ሥዕል ከማሳየት የሚሻል መነሻ የለም። በጉግል ኧርዝ ላይ የአንድን ቦታ የተለያዩ ዓመታት ሥዕሎች ማየት ይቻላል፤ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ሥዕሎቹን አስቀድሞ ማስቀመጥ ነው። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ሲወጣ ሽማግሌው ወንዙን፣ መንገዱን፣ የሚያውቀውን የግጦሽ ቦታ ለይቶ ያሳያል። ክርክር ይጀመራል። እዚህ ላይ አስተማሪው «ቢ»ን ይጫናል፤ በፓወርፖይንት ማሳያ ውስጥ ይህች ፊደል ግድግዳውን ታጨልመዋለች። ዓይን ሁሉ ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ተናጋሪው ይመለሳል። ቃሉ ሲያልቅ ያችው ቁልፍ ሥዕሉን ትመልሳለች። «የመጀመሪያውን እንደገና አሳየን» የሚል ከመጣም ወደ ኋላ ሃያ ጊዜ መጫን የለበትም፤ የስላይዱን ቁጥር ጽፎ «ኢንተር» ይላል። ከማሳያው ወጥቶ ሌላ ፋይል መክፈት ካስፈለገ በብዙ ሪሞቶች ላይ «ፍሪዝ» የምትባል ቁልፍ አለች፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ባለበት ይረጋል፤ አስተማሪው በላፕቶፑ ላይ የሚፈልገውን ያዘጋጃል፤ የግል ፋይሎቹም ለአዳራሽ አይገለጡም።

እነዚህ ወረዳዎች ያሉበት ዞን የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በአማርኛ የሚገለገለውም ብዙ ነው። ስለዚህ አንድ ስላይድ ላይ የአፋን ኦሮሞው ቁቤና የአማርኛው የግእዝ ፊደል ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቁቤው የላቲን ፊደል ስለሆነ የትም ቢሄድ ይነበባል፤ የሚቸግረው ግእዙ ነው። ለዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ የሚሰጠው ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በተለመደው የፓወር ግእዝ ዓይነት አሠራር የተጻፈ ጽሑፍ ግን ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ይሆናል። ቢሮ ውስጥ ያማረው ስላይድ አዳራሽ ሲደርስ የሚበላሸው በዚህ ነው። በኒያላ ወይም በሌላ የዩኒኮድ ፎንት መጻፍና ሲቀመጥ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ ማድረግ ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ከዚህም የሚረቅ ነገር አለ። የእኛ ፊደል «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «በ»ን ከ«ቡ» የሚለየው በአንዲት ትንሽ ጭረት ነው። ፕሮጀክተሩ ጠማማ ቆሞ ሥዕሉ በምናሌው በኩል በግድ ሲቃና፣ ወይም ኮምፒዩተሩ የሚልከው መጠን ከፕሮጀክተሩ የተፈጥሮ ልክ ጋር ሳይገጥም ሲቀር፣ መጀመሪያ የምትደበዝዘው ያች ጭረት ናት። ከኋላ የተቀመጠ ሰው «ይሉ» የሚለውን «ይለ» ብሎ ያነባል። ስለዚህ መሣሪያውን ከግድግዳው ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ ማቆምና ፊደሉን ማጉላት እዚህ አገር የማንበብና ያለማንበብ ጉዳይ ነው።

ይህን ሁሉ አስተማሪው ይወቅ ማለት ሸክም መጨመር ነው የሚል ይኖራል፤ ባለሙያ የተቀጠረው ለዚህ አይደለም ወይ? ባለሙያው መብራት ለመለወጥ፣ ኬብል በጣሪያ ለመሳብ፣ የተቃጠለ ለመጠገን ያስፈልጋል። መቼ መቆም እንዳለበት ግን ከአስተማሪው በቀር የሚያውቅ የለም፤ «ቀጥለው» እያለ በሌላ ሰው ጣት የሚያስተምር ሰው ሐሳቡ በየስላይዱ ይቆራረጣል። ደግሞም እዚህ የተዘረዘረው ሁሉ ተደምሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለመድ ነው። ትልቅ ቴሌቪዥን መጥቷልና ፕሮጀክተር አልፎበታል የሚለው ክርክር ከፊሉ ትክክል ነው፤ ለሃያ ሰው ክፍል ቴሌቪዥኑ በብርሃን አይበገርም፤ መብራት ለውጥም አይፈልግም። ነገር ግን በሞተር ብስክሌት ከቀበሌ ቀበሌ አይዞርም። ማገናኛውና የማዘዣው ጥበብም በሁለቱም አንድ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመብራት መጥፋት ነው። የተለመደው ፕሮጀክተር ከ200 እስከ 300 ዋት ይወስዳል፤ ላፕቶፑ በባትሪው ሲቀጥል እሱ ወዲያው ይጠፋል። ይባስ ብሎ የጋለው መብራት ማራገቢያው ቆሞበት ይቀራል፤ ይህ ሲደጋገም ዕድሜው ያጥራል። በዚህም ምክንያት ሥልጠና ሲያልቅ ሶኬቱን ነቅሎ መሮጥ አይገባም፤ በሪሞቱ አጥፍቶ ማራገቢያው እስኪቆም አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ነው። የሜርኩሪ መብራቱ ከ2,000 እስከ 5,000 ሰዓት ሲቆይ፣ የሌዘሩና የኤል ኢ ዲው 20,000 ሰዓት ድረስ ይሄዳል፤ አዲስ የሚገዛ መሥሪያ ቤት በዋጋ ልዩነቱ እንዳይደነግጥ ይህን ያስላ። አነስ ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ቢያንስ መሣሪያው በወጉ እስኪቀዘቅዝ ያደርሳል። ሥልጠናውን ራሱን የሚያድነው ግን አስተማሪው መብራት እያለ የሚሠራው ነው። እንደ ጨፋው ያለ የሳተላይት ሥዕል የሚጣለው በባዶ ግድግዳ ፋንታ በፍሊፕ ቻርት ወረቀት ላይ ይሁን፤ አስተማሪው ማርከር ይዞ ብርሃኑ ያሳየውን የቦርከናን መሥመር፣ የረግረጉን ዳርና አውራ ጎዳናውን ተከትሎ ይሥመር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ መብራቱ ቢሄድ ካርታው ከወረቀቱ ላይ አይሄድም፤ ሽማግሌውም ማርከሩን ተቀብሎ ከብቱ የት እንደሚወርድ በራሱ እጅ ይጨምርበታል።