ከተጠላለፈ የዲቪዲ ሥዕል የቀድሞውን ሙሉ ፍሬም ስለ መመለስ

በቤታችን አንድ የሠርግ ዲቪዲ አለ። ሠርጉ የተደረገው በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ ሲሆን፥ የተቀረጸውም በዚያው አገር ሥርዓት በሚሠራ ቪዲዮ ካሜራ ነው። በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን እንዲታይ ተብሎ አንድ ሱቅ ወደ አውሮፓ ሥርዓት ለውጦት ተላከልን፤ የመጀመሪያው ካሴት ግን ከዚያ ወዲህ ጠፋ። ዛሬ በሕይወት የሌሉት አያቴ በዚህ ቪዲዮ ውስጥ እስክስታ ይወርዳሉ። ዳሩ ግን ትከሻቸው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አንዱ ሁለት ሆኖ፥ እንደ ጥላ ተደርቦ ይታያል። ይህ ጉድለት ሊታረም ይችላልን? ብዬ የጀመርሁት ጥያቄ ወደ ሰፊ ጉዳይ አደረሰኝ። በዚህ አጭር ጽሑፍ የነገሩን መሠረት ለጓደኞቼ ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን ለመግለጽ እሞክራለሁ።

1. ሙሉ ሥዕልና ግማሽ ሥዕል

የሲኒማ ፊልም ማለት በሴኮንድ 24 ፎቶግራፎችን አከታትሎ ማሳየት ነው። እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ፍሬም ይባላል፤ ይኸውም በአንድ ቅጽበት የተነሣ ሙሉ ሥዕል ነው። ቴሌቪዥንን የመሠረቱት ሰዎች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ሥዕሉን በመስመር ከፋፍለው በመጀመሪያ 1ኛውን፥ 3ኛውን፥ 5ኛውን መስመር እያሉ አንዱን ግማሽ፥ ቀጥሎም 2ኛውን፥ 4ኛውን፥ 6ኛውን እያሉ ሌላውን ግማሽ ይልካሉ። በዚህም ዘዴ የማሰራጫው ሞገድ ሳይሰፋ የሥዕሉ ብልጭ ድርግም ማለት ይቀንሳል።

የግማሾቹ ብዛት ከየአገሩ የኤሌክትሪክ ኃይል ጋር የተዛመደ ነበር። በአሜሪካ ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ 60 ግማሽ ሥዕል፥ በአውሮፓ ደግሞ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ 50 ግማሽ ሥዕል ተወሰነ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. ቀለም ሲጨመር የአሜሪካው ቁጥር በጥቂቱ ቀንሶ 59.94 ሆነ። የአሜሪካው ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ይባላል፤ አብዛኛው አውሮፓ የያዘው ፓል ነበር። ኤሌክትሪኳ 50 የሆነው ኢትዮጵያም ከፓል ወገን ነበረች። ዲቪዲ በ1996 በጃፓን ለገበያ ሲቀርብ ሁለቱንም ሥርዓቶች ወረሰ፤ የኤንቲኤስሲው 480 መስመር፥ የፓሉ 576 መስመር አለው።

በቀድሞው ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ግማሾቹ በየተራ ይታዩ ስለ ነበር ዓይን አይቸገርም ነበር። የዛሬው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ግን መስመሮቹን ሁሉ በአንድነት ያሳያል። ሁለቱ ግማሾች በተለያየ ቅጽበት የተነሡ እንደ ሆነ የሚንቀሳቀሰው ነገር ዳርቻ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተቦጫጭሮ ይታያል።

2. 24 እንዴት 60 ይሆናል?

ለ24 ፍሬም የተሠራ ፊልም በኤንቲኤስሲ እንዲታይ አንዱ ፍሬም በ2 ግማሽ፥ ቀጣዩ በ3 ግማሽ እየተደገመ ይሰጣል። (ፊልሙም ወደ 23.976 በጥቂቱ እንዲዘገይ ይደረጋል።) አራት ፍሬሞችን ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ ብንላቸው 10 ግማሾች ይወጣሉ፤ እነርሱም ሁለት ሁለት ሆነው ሲጣመሩ 5 የቪዲዮ ሥዕሎች ይሆናሉ፤

ሀሀ — ለለ — ለሐ — ሐመ — መመ

ከአምስቱ ሦስቱ ንጹሕ ናቸው። 3ኛውና 4ኛው ግን ከሁለት ፍሬሞች የተጠላለፉ ስለ ሆኑ ማበጠሪያው የሚታየው በእነርሱ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። የሐ አንደኛው ግማሽ በ3ኛው ሥዕል፥ ሌላው ግማሽ በ4ኛው ሥዕል ውስጥ ተቀምጧል። እንግዲህ ቦታው ተዛወረ እንጂ ምንም አልጠፋም።

3. አመላለሱ

ስለዚህ ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ግማሽ ከጎረቤቶቹ ጋር እያጣመሩ ማበጠሪያ የማይታይበትን ጥንድ መምረጥ ነው። ቀጥሎም ከአምስት ሥዕሎች ተደጋግሞ የቀረውን አንዱን ማስወጣት ነው። በዚህ ጊዜ 29.97 ተመልሶ 23.976 ይሆናል። በነጻ የሚገኘው ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ፕሮግራም ለእነዚህ ሁለት ደረጃዎች የተለያዩ ማጣሪያዎች አሉት።

ብዙ የሲኒማ ዲቪዲዎች ደግሞ ከዚህም የቀለሉ ናቸው። በዲስኩ ላይ የተጻፉት 24ቱ ፍሬሞች ራሳቸው ሲሆኑ፥ ለማጫወቻው «ይህን ግማሽ ድገም» የሚል ምልክት ብቻ ተጨምሮባቸዋል። ምልክቱን መተው ይበቃል።

ስሕተት የሚደርሰው ጠጋኙ ሳይመረምር ሲቀር ነው። ማበጠሪያውን ያየ ሰው ግማሹን መስመር ጥሎ የጎደለውን በግምት የሚሞላ ማጣሪያ ቢጠቀም፥ ከ480 መስመር 240ው ብቻ እውነተኛ ሆኖ ይቀራል። በእጁ የነበረውን ሙሉ ሥዕል በግምት ለወጠው ማለት ነው።

4. የፓል ፊልም

በፓል አገሮች ነገሩ ይቀላል። 24ቱ ፍሬም በሴኮንድ 25 እየሆነ በፍጥነት ይሄዳል። የ120 ደቂቃ ፊልም 115 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ይፈጃል፤ ድምፁም ካልታረመ ይቀጥናል። ለመመለስ ሥዕሉንና ድምፁን አብሮ ማዘግየት ብቻ ያስፈልጋል።

5. የተደባለቀ ሥዕል

ክፉው ጉዳይ ኤንቲኤስሲ የነበረው ወደ ፓል ሲለወጥ ነው። 59.94 ግማሾች 50 እንዲሆኑ ብዙ ለዋጮች ሁለት ጎረቤት ግማሾችን አደባልቀው አንድ ያደርጋሉ። የአያቴ ትከሻ ሁለት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የተደባለቀውን መለየት ይቻላልን? በሂሳብ ረገድ አንዳንድ ጊዜ ይቻላል። የአንድ ነጥብ ብርሃን በመጀመሪያው ሥዕል 100፥ በሁለተኛው 200 ቢሆን እኩል ሲደባለቁ 150 ይሆናል። የመጀመሪያውን ካወቅን ሁለተኛው 150 በ2 ተባዝቶ 100 ሲቀነስለት፥ ማለት 200 ነው። ዳሩ ግን የዲቪዲ ሥዕል ተጨምቆ የተጻፈ ስለ ሆነ 150ው 155 ሆኖ ቢገኝ መልሱ 210 ይሆናል፤ የ5 ስሕተት 10 ሆነ። ስለዚህ ምንጩ ፊልም በሆነ ጊዜ የሚመረጠው ዘዴ ሳይደባለቁ ያለፉትን ግማሾች ፈልጎ በእነርሱ መጠቀም ነው፤ አንድ ፍሬም ለ2 ወይም ለ3 ግማሾች ያህል ስለሚቆይ ለብዙዎቹ ፍሬሞች ንጹሕ ግማሽ ይገኛል።

6. ወደ ሠርጉ ዲቪዲ መመለስ

የእኛ ዲቪዲ ምንጩ ፊልም አይደለም። ካሜራው በየ1/60 ሴኮንዱ የሚያነሣው ግማሽ ሥዕል ብቻ ስለ ነበር የሚመለስ ሙሉ ፍሬም ከመጀመሪያውም አልነበረም። ይህን ሳላውቅ በሲኒማው ዘዴ ብዙ ቀን ደከምሁ፤ እንዲያውም ትክክለኛ እንቅስቃሴ የያዙ ሥዕሎችን እንደ ተደጋገሙ ቆጥሬ አስወጣሁ።

በኋላ ግን ሂሳቡ አንድ መንገድ አሳየኝ። ከ60 ወደ 50 ሲኬድ 6 ግማሾች 5 ይሆናሉ፤ ለዋጩ እንደየርቀታቸው መጠን የሚያደባልቅ ከሆነ ከአምስቱ አንዱ ከምንጩ ቅጽበት ጋር ስለሚገጥም ንጹሕ ለመሆን ይቀርባል። እየቆጠርሁ ብፈልግ እንደዚሁ ሆኖ አገኘሁት፤ በሴኮንድ ወደ 10 የሚጠጉ ግማሾች ጥላ የሌለባቸው ናቸው። እስክስታውን ለመመለስ አይበቁም። ነገር ግን ከእነርሱ አንዱ፥ 240 እውነተኛ መስመር ብቻ ቢኖረውም፥ የአያቴን ፊት አጥርቶ ያሳያል፤ አሳትመን በግድግዳ ሰቅለነዋል።

ከዚህ ሥራ የተማርሁት፥ ጥገና ከመጀመር በፊት ሥዕሉ በምን እንደ ተነሣና በምን እንደ ተለወጠ መመርመር እንደሚገባ ነው። የተዛወረው በሙሉ ይመለሳል፤ የተደባለቀው በከፊል ይመለሳል፤ ያልነበረው ግን አይመለስም። ደግሞም ከውጭ አገር የተላከ የቤተ ሰብ ካሴት ወይም ዲስክ ያለው ሁሉ ቅጂውን ካሠራ በኋላ የመጀመሪያውን እንዳይጥል ለማሳሰብ እወዳለሁ።