ራስ ደጀን ሳንደርስ ተመለስን

በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ወደ ስሜን ተራሮች ሄደን ነበር። ዝናቡ አባርቷል። ወንዙ ግን ገና አልጎደለም። አሳባችን ሰባት ቀን በእግር ተጉዘን፣ ሌሊት በድንኳን እያደርን፣ ራስ ደጀንን መውጣት ነበር። ራስ ደጀን የአገራችን ትልቁ ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 4,533 ሜትር ነው። አንድ ሜትር ሁለት ክንድ ያህል ነው። የቀድሞ ካርታዎች 4,620 ሜትር ይሉ ነበር። በኋላ በተሻለ መሣሪያ ሲለካ ቁጥሩ ወረደ። ተራራው ግን አላነሰም።

ከከተማ የሄድነው አምስት ነን። አንድ መሪ፣ ጠመንጃ የያዘ አንድ የፓርክ ጠባቂ፣ አንድ ምግብ አብሳይና ሁለት በቅሎ ነጂዎች አብረውን ነበሩ። ጠባቂውን እዚያ አገር «ስካውት» ይሉታል። ለአምስት ሰው አምስት ሰው! ይህን ስታነቡ ሳትስቁ አትቀሩም። እናንተ ሸክም ይዛችሁ ቆላ ወርዳችሁ ደጋ ወጥታችሁ ገበያ ትውላላችሁ። በቅሎ ነጂዎቹም ስቀውብናል። እውነታቸውን ነው።

ጉዞው የተጀመረው ከደባርቅ ነው። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ገንዘብ ከፈልን፣ ስማችን ተመዘገበ፣ ተራቸው የደረሰ በቅሎ ነጂዎች ተጠሩ። ከሁለቱ አንዱ ሽማግሌ ናቸው። «አባባ» እያልን ነበር የምንጠራቸው። አባባ ዕቃችንን አንድ በአንድ እያነሱ መዘኑት። በሚዛን አይደለም፣ በእጃቸው ነው። አንዱ ባልንጀራችን ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዞ ነበር።

«ልጄ፣ ሚስት ልታገባ ነው እንዴ የምትሄደው?» አሉት።

አንዱን ሻንጣ ደባርቅ ትቶት ሄደ። ጭነት በግራና በቀኝ ካልተካከለ የበቅሎዋ ጀርባ ይቆስላል። ገደል አፋፍ ላይም ያጋድላታል። ይህን እናንተ ከእኛ በፊት ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሳንካበር አደርን። ቦታው 3,250 ሜትር ከፍታ አለው። ጧት ከድንኳን ስንወጣ ጭላዳዎች ከገደሉ ሥር እየወጡ ነበር። ሌሊት የሚያድሩት ገደል ላይ ነው። ነብርና ጅብ እዚያ አይደርስባቸውም። ሲነጋ ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር ይለቅማሉ። ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት አላቸው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኝም። እኛ ቆመን በደስታ አየናቸው። አባባ ግን «ገብስ ሲደርስ መጥታችሁ ብታዩአቸው ኖሮ እንዲህ አትስቁም» አሉን።

በሁለተኛው ቀን የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን ወደ ግጭ ወጣን። የጅንባር ውኃ ከገደሉ ሲወረወር ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ግጭ 3,600 ሜትር ነው። ቀድሞ እዚያ ትልቅ መንደር ነበር። ግጦሹ ተጎድቶ፣ ዋሊያውም መኖሪያው ጠቦበት ስለነበር፣ በ2008 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። እኛ ስናልፍ የቤቶቹን ፍርስራሽ አየን። በአንዱ ግቢ የወፍጮ ድንጋይ ቀርቷል። መሪያችን ወጣት ነው። ሌላውን ቦታ ሁሉ ሲያስረዳን እዚያ ላይ ግን ዝም ብሎ አለፈ። እኛም አልጠየቅነውም።

ከግጭ በላይ ሜዳው ጓሳ ነው። በመካከሉ ጅብራ ቆሟል። ጅብራ ለብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ያወጣል። አንድ ጊዜ አብቦ ዘር ይሰጥና ይደርቃል። ከመሬቱ የጦስኝ ሽታ ይነሣል። አብሳያችን ጦስኝ ቀጥፎ ሻይ አፈላልን። ጉዟችን ባለቀ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በዚያው በ2011 ዓ.ም.፣ በፓርኩ ውስጥ እሳት ተነሥቶ ብዙ ጓሳና አስታ አቃጠለ። ሕዝቡ ወጥቶ ሲያጠፋ ከረመ። ከእስራኤል የመጡ እሳት አጥፊዎችም ረዱ። ያን ወሬ ስንሰማ ያ ሽታ ትዝ አለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል። በራስ ደጀን ጫፍ ላይ የምንተነፍሰው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ውኃ እንኳ ሳይግል ቶሎ ይፈላል። ለዚህ ነው ደጋ ላይ ባቄላ አልበስል የሚለው። ሰውም እንዲሁ ይቸገራል። ራሱን ያመዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል። ይህ በሽታ ጉልበተኛና ሰነፍ አይለይም። የሚብሰው ቸኩሎ የወጣ ሰው ላይ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከወጡ በኋላ፣ የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ይመከራል። ሕመሙ ሲበረታ ሰው ይንገዳገዳል፣ ነገር ይምታታበታል። ያን ጊዜ መፍትሔው ወዲያው መውረድ ነው። የዘገየ ሰው ይሞታል።

የስሜን ሰዎችስ? ተመራማሪዎች በዚያው በስሜን፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው ነበር። ውጤቱ በ1995 ዓ.ም. ታተመ። በሰዎቹ ደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኘ። ኦክሲጅን ማለት ከአየር ውስጥ ለመኖር የሚያስፈልገን ክፍል ነው። አባባ ሽቅብ እየወጡ ሲያዜሙ እኛ የምናለከልከው ለካ በከንቱ አይደለም!

መሪያችን ማታ ማታ እያንዳንዳችንን ይጠይቀን ነበር። «ራስዎን አመመዎት? እራት በሉ? ትናንት ተኙ?» ይላል። ለሁላችንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። በሦስተኛው ቀን በእሜት ጎጎ በኩል አልፈን ጨነቅ ስንደርስ ያ ባለ ሁለት ሻንጣው ባልንጀራችን እራቱን አልበላም። ሲጠየቅ «ደክሞኝ ነው እንጂ ደኅና ነኝ» አለ። ውሸቱን ነበር። ከግጭ ጀምሮ ራሱን ሲያመው ነው የከረመው። ነገሩን የደበቀው አፍሮ ነው። ዕድሜው ከሁላችንም ይበልጣል። «በእኔ ምክንያት ጉዞው እንዳይበላሽ» ብሎም ነው።

በአራተኛው ቀን ወደ ቧሂት ማለፊያ ወጣን። መንገዱ 4,200 ሜትር ላይ ይደርሳል። ከማለፊያው ማዶ ራስ ደጀን ይታያል። ባልንጀራችን ከኋላ ቀረ። አባባ ከበቅሎዎቹ ጋር ከእሱ በኋላ ይመጡ ነበር። ድንገት ጮኹ።

«ኧረ እናንተ! ይህ ሰው ጠላ እንደጠጣ ነው የሚሄደው!»

መሪው ሮጦ ወረደ። ምንም አልተቆጣም። በዱላው መሬት ላይ መስመር አሰመረ።

«ጋሼ፣ እስቲ በዚች መስመር ላይ ይራመዱልኝ። አንዱን እግር ካንዱ ፊት እያስጠጉ።»

ባልንጀራችን አንድ እርምጃ ሄደ። በሁለተኛው ወደ ቀኝ ዘመመ። ስካውቱ ባይዘው ኖሮ ወድቆ ነበር። ቀኑን ጠየቁት። «ሰኞ» አለ። ቀኑ ዓርብ ነበር።

«እንወርዳለን» አለ መሪው። «ሁላችንም።»

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር አለብን። ከመካከላችን አንዱ «እሱ ከአባባ ጋር ይውረድ፣ እኛ እንቀጥል» አለ። ሌሎቻችንም ዝም አልን። ዝም ያልነው መስማማታችን ነበር። ገንዘብ ከፍለናል፣ ከሩቅ መጥተናል፣ ተራራው ፊት ለፊታችን ነው።

መሪው «እኔ አንድ ነኝ። ስካውቱም አንድ ነው። ተከፋፍለን ብንሄድና ከእናንተም አንዱን ቢያመው ማን አለ?» ብሎ ጠየቀን። የመለሰለት አልነበረም።

አባባ ግን አልጠየቁንም። የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ወደ ታች አዞሩ። «እኔ ድንኳን ለመጫን ነው የመጣሁ። ሬሳ ለመጫን አልመጣሁም» አሉና ቁልቁለቱን ጀመሩት።

ተከተልናቸው።

በሽተኛውን በበቅሎ ልናስቀምጠው ብለን ነበር። አባባ እንቢ አሉ። ራሱ የዞረበት ሰው በቁልቁለት ከኮርቻ ይወድቃል። ስለዚህ ስካውቱና መሪው በግራና በቀኝ ይዘውት በእግሩ ወረደ። ወደ ጨነቅ ለመመለስ 600 ሜትር ያህል መውረድ ነበረብን። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ሁለት ጊዜ አስመለሰው። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ «ዛሬ ዓርብ ነው አይደል?» አለ። መሪው ሳቀ። በዚያን ቀን ሲስቅ ያየነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሌሊቱ ብርድ ነበር። በድንኳኑ ላይ ያረፈው ጤዛ ወደ በረዶ ተለወጠ። መሪው ጋቢውን ተከናንቦ በሽተኛው አጠገብ አደረ። በየሰዓቱ እየቀሰቀሰ ስሙን ይጠይቀው ነበር። «ከዚህ በላይ ቢበረታ ኖሮ በጨለማም ቢሆን እናወርደው ነበር» አለን በኋላ።

ሲነጋ ሦስት ዋሊያዎች ከካምፑ በላይ ባለው ገደል ላይ ቆመው አየን። ዋሊያ በዓለም ላይ ያለው በስሜን ብቻ ነው። ቀንዳቸው ወደ ኋላ እንደ ማጭድ ዞሯል። ባልንጀራችን ከድንኳኑ አንገቱን አውጥቶ ያያቸው ነበር። ፊቱ ገና ገርጥቷል።

ጨነቅ ድረስ የመኪና መንገድ አለ። ረፋድ ላይ የጭነት መኪና መጣልን። አባባ በቅሎዎቻቸውን ጭነው በእግር ተመለሱ። ስንለያያቸው ገንዘባቸውን ቆጥረው ተቀበሉ። ከዚያ በሽተኛውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና፣ «ያ ሻንጣህ ደባርቅ ይጠብቅሃል» አሉት።

ሳንካበር ስንደርስ መኪናው ቆመ። ባልንጀራችን «ራበኝ» አለ። አብሳዩ የቀረውን በሶ በጠበጠለት። ሁለት ኩባያ ጠጣ።