የሞተው አማካሪ እንዴት ተነሳ?

ዛሬ የማስረዳችሁ ስለ ጌም ነው። መምህራን፣ ገጹን እንዳትገለብጡት አደራ! የምጽፈው ታሪክ ከክፍል ወደ ክፍል እንዴት እንደሚቀጥል ነው።

ነገሩ የተነሳው ከአንድ የክፍላችን ልጅ ጋር ስንከራከር ነው። ልጁ «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» የሚባለውን ጌም ክፍል ሦስት ጌም ቤት አይቶ መጣና «ይሄ ጌም ውሸት ነው! ክፍል አንድ ላይ የተገደለው የንጉሥ አማካሪ ክፍል ሦስት ላይ ቆሞ ይሄዳል። የጻፉት ሰዎች ረስተውታል» አለ። እኔ «አልረሱም» አልኩ፤ ግን «ታዲያ አስረዳና!» ሲለኝ መልስ አጣሁ። ልጆቹ ሳቁብኝ።

መልስ ያጣሁት እኔም እንደ ሁላችሁም ስለምጫወት ነው። ጌም ቤት ገንዘቡ የሚቆጠረው በደቂቃ ስለሆነ ገጸ ባሕርያቱ ማውራት ሲጀምሩ ከኋላ ያሉት ሁሉ «እለፈው! እለፈው!» ይላሉ፣ ቁልፉን ተጭነን እናልፈዋለን። ስለዚህ ልዑሉ ከግድግዳ ግድግዳ እንደሚዘል ሁላችንም እናውቃለን፣ ለምን እንደሚዘል ግን ማንም አያውቅም። በክረምቱ የአክስቴ ልጅ ሦስቱንም በተራ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጫወት አጠገቡ ቁጭ ብዬ ወሬውን ሳናልፍ አየሁ። እንግሊዝኛው ሲከብደኝ ጌሙን አቁሞ ያስረዳኝ ነበር።

መጀመሪያ ስለ አያትየው ጌም ትንሽ ልበል። የመጀመሪያው «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የሠራው ጆርዳን ሜክነር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ልዑሉ እንደ እውነተኛ ሰው እንዲሮጥና እንዲዘል ብሎ ታናሽ ወንድሙን ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀረጸውና ከዚያ ላይ አየ እየሳለ ሠራው። ጨዋታውን መጨረስ ያለባችሁ በ60 ደቂቃ ውስጥ ነው። እዚያ ላይ ልዑሉ መስታወት ሰብሮ ሲያልፍ ጥላው ተለይቶ ይወጣና ጠላት ይሆንበታል። ይቺን ጥላ ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን።

አሁን የምንከራከርበት ታሪክ የጀመረው በ2003 ዩቢሶፍት የሚባለው ድርጅት «የጊዜ አሸዋ» የሚለውን ክፍል ሲያወጣ ነው። የዚህንም ታሪክ የጻፈው ሜክነር ነው። ልዑሉ ከአባቱ ጋር የሕንድ ንጉሥ ቤተ መንግሥትን ሲወጋ ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ ጩቤ ያገኛል። ከዚያ ክፉው አማካሪ ያታልለውና ትልቁን የአሸዋ ሰዓት በጩቤው ይከፍተዋል። አሸዋው ሲወጣ ሰው ሁሉ አውሬ ይሆናል። የሚተርፉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ልዑሉ፣ አማካሪውና የሕንዱ ንጉሥ ልጅ ፋራህ። እሷና እሱ መጀመሪያ አይተማመኑም፣ በኋላ ይዋደዳሉ፣ መጨረሻ ላይ ግን ፋራህ እሱን ለማዳን ስትል ገደል ገብታ ትሞታለች። ልዑሉ ጩቤውን ሰዓቱ ውስጥ ይሰካና ጊዜን እስከ ጦርነቱ ዋዜማ ድረስ ይመልሰዋል። ፋራህ ትነሳለች፣ ግን አታውቀውም። የሆነውን ሁሉ ሲነግራት ተረት ይመስላታል። አማካሪውንም የዚያኑ ለሊት ይገድለዋል። ጓደኛዬ ያየው ሞት ይሄ ነው።

በጣም የወደድኩት ነገር ግን ሌላ ነው። ጨዋታው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልዑሉ ለፋራህ እየተረከላት ነው። እናንተ ተሳስታችሁ ገደል ብትገቡ ልዑሉ እንደ ተራኪ «አይ፣ እንዲህ አልነበረም» ዓይነት ነገር ብሎ ራሱን ያርማል፣ ከዚያ ድጋሚ ትጀምራላችሁ። አያቴም ተረት ስታወራ እንደዚያ ናት፤ ጅቡን ቀድማ ከገደለችው «ውይ ተሳሳትኩ፣ ገና ነው» ብላ ትመልሰዋለች። ሌላ ጌም ላይ ስትሞቱ «ተሸንፈሃል» ነው የሚላችሁ፣ እዚህ ግን መሞታችሁ ራሱ ታሪኩ ውስጥ ቦታ አለው።

ክፍል ሁለት በ2004 ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ከ17 ዓመት በላይ ለሆኑ ተብሎ የተመደበ ነው፣ ደም ይበዛዋል። የአክስቴ ልጅ በየመሐሉ «ፊትህን አዙር» ይለኝ ነበር፣ እኔም አንዳንዴ አዞርኩ። ታሪኩ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። አሸዋውን የከፈተ ሰው መሞት ስለነበረበት ዳሃካ የሚባል አስፈሪ ፍጥረት ልዑሉን ያሳድደዋል። ልዑሉ «አሸዋው መጀመሪያውኑ ባይፈጠር እኔም አልከፍተውም፣ እሱም አያሳድደኝም» ብሎ ያስባል። ወደ ጊዜ ደሴት ሄዶ ወደ ድሮ ዘመን ይገባና አሸዋውን ልትፈጥር ነው የተባለችውን የጊዜ ንግሥት ካይሊናን ይገድላታል። ጉዱ እዚህ ነው፤ አሸዋው የተፈጠረው ከሷ ሞት ነው! ሊያጠፋው የሄደውን ነገር ራሱ ሠራው። በየመሐሉ በሩቅ ያየነው ጥቁር ፍጥረትም በኋላ ጭምብል ያጠለቀው ራሱ ልዑሉ ሆኖ ተገኘ። እኔና የአክስቴ ልጅ እዚህ ቦታ ላይ ጮኸን አክስቴ ተቆጥታናለች።

ክፍል ሁለት ሁለት መጨረሻዎች አሉት። ተደብቀው ያሉትን ዘጠኙን የዕድሜ መጨመሪያዎች ካልሰበሰባችሁ ካይሊና ትሞታለች፣ ልዑሉ ብቻውን ይመለሳል። ሁሉንም ከሰበሰባችሁ ልዩ ሰይፍ ታገኙና ዳሃካን ታጠፋላችሁ፣ ካይሊናም ትተርፋለች። ክፍል ሦስት የሚቀጥለው ከሁለተኛው ነው። ይሄ ትንሽ ያናድዳል፣ ምክንያቱም ብዙ ልጅ የሚደርሰው የመጀመሪያው ጋ ነው። ደክማችሁ የጨረሳችሁትን «እሱ አልተቆጠረም» እንደ መባል ነው።

እንግዲህ የአማካሪው መልስ ይኸውላችሁ። ካይሊና በድሮ ዘመን ካልሞተች አሸዋው በዚያ ዘመን አልተፈጠረም። አሸዋው ከሌለ ሰዓቱን የከፈተ የለም። የከፈተ ከሌለ ክፍል አንድ ላይ የሆነው ሁሉ አልሆነም። ካልሆነ ደግሞ አማካሪውን የገደለው የለም! ስለዚህ በ2005 በወጣው ክፍል ሦስት ልዑሉና ካይሊና በመርከብ ባቢሎን ሲደርሱ ከተማዋ እየተቃጠለች ነው፣ ጦሩን የሚመራውም ያው አማካሪ ነው። ጸሐፊዎቹ አልረሱትም። ሕይወቱን የመለሰለት ልዑሉ ራሱን ሊያድን ያደረገው ነገር ነው። ልብ በሉ፣ የሌላ ሰው ስህተት የለበትም።

ተከታይ ያለው ጌም ሁሉ እንዲህ አይደለም። ለምሳሌ «ፋይናል ፋንታሲ» ቁጥሩ ቢቀጥልም አብዛኛውን ጊዜ በየቁጥሩ ዓለሙም ሰዎቹም አዲስ ናቸው፣ ከመሐል ብትጀምሩ ምንም አይጎድልባችሁም። እዚህ ግን ክፍል ሁለትን የዘለለ ሰው ክፍል ሦስት ስህተት ይመስለዋል። ጓደኛዬ ላይ የደረሰው ይሄ ነው።

ክፍል ሦስት ላይ አማካሪው ካይሊናን ይገድልና አሸዋው እንደገና ይለቀቃል። አሸዋው ልዑሉ ክንድ ውስጥ ገብቶ ጨለማ ልዑል የሚባል ሁለተኛ ማንነት ይሆንበታል፣ ጆሮው ላይ እየተናገረ ያናድደዋል። ያዙልኝ ያልኳችሁን ጥላ አስታወሳችሁ? በ1989ኙ ጌም ጥላውን በሰይፍ ብትመቱት የሚቆስለው ራሳችሁ ናችሁ፤ መፍትሔው ሰይፉን ወደ ሰገባው መልሶ ወደ ጥላው መሄድ ነው። በ2005ቱም ጨለማው ልዑል መጨረሻ ላይ የሚሸነፈው ልዑሉ መዋጋቱን ትቶ ጥሎት ሲሄድ ነው። 16 ዓመት ቆይተው የድሮውን ሐሳብ ማምጣታቸው ገረመኝ።

ፋራህም አለች፣ ግን ልዑሉን ጭራሽ አይታው አታውቅም። እሱ ጠባይዋን ሁሉ ያውቃል፤ እንዴት እንደምትስቅ፣ በምን እንደምትናደድ። የክፍል አንድ መጨረሻ ላይ ተረት ብላ የሰማችውም አሁን አልተነገረም ማለት ነው። ያንን ሁሉ የሚያውቁት እሱና ሳያልፍ ያየ ተጫዋች ብቻ ናቸው። አማካሪው ከሞተ በኋላ ፋራህ ስሟን እንዴት እንዳወቀ ልዑሉን ትጠይቀዋለች። እሱም መተረክ ይጀምራል፣ የሚናገራቸው ቃላትም ክፍል አንድ ሲከፈት የሰማናቸው ናቸው። ጌሙ እዚያ ላይ ያልቃል። የአክስቴ ልጅ ምንም ሳይናገር ክፍል አንድን እንደገና ከፈተው።