ኮዱ ሲነበብ ይገባኛል፣ ልጽፈው ስል ግን…



ባለፈው ሳምንት ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ የአንደኛ ዓመት ወንድማችን ጠጋ ብሎ፣ «መምህሩ ሲያስረዱ ሁሉም ይገባኛል፤ ባዶ ወረቀት ፊቴ ሲቀመጥ ግን አንድ መስመር አይመጣልኝም። ዲፓርትመንት ብቀይር ይሻላል?» አለኝ። እኔም የፕሮግራሚንግ ሚድ ፈተና ላይ ከ30 9 ባገኘሁበት ሳምንት ይህንኑ አስቤ ስለነበር አልገረመኝም።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የአእምሮ ድክመት አይደለም። በሌሎች ኮርሶች ሃንድአውት ደጋግሞ ማንበብ ውጤት ያመጣል። እዚህ ግን አይሠራም። በልጅነታችን ቁርአን የቀራን ሁሉ እናውቀዋለን፦ ኡስታዙ ሲቀሩ ጆሯችን ይለምዳል፤ ምላሳችን የሚፈታው ግን ራሳችን ቀርተን ስንሳሳትና ስንታረም ነው። ሌላ ሰው የጻፈውን ኮድ ማንበብ ማዳመጥ ነው።

እዚህ ጋ አራሚው ኮምፓይለሩ ነው፤ ንግግሩን ግን መልመድ ያስፈልጋል። በሲ ፕላስ ፕላስ 6ኛው መስመር መጨረሻ ላይ ሴሚኮለን ብትረሱ፣ አንዳንድ ኮምፓይለሮች ስህተቱ 7ኛው መስመር ላይ እንዳለ ይነግሯችኋል። 7ኛውን መስመር አሥር ጊዜ አይቶ ምንም ያጣ ተማሪ ተስፋ ይቆርጣል። አንድ መስመር ወደ ላይ ተመልከቱ። ሃያ ስህተት ቢደረደርባችሁም አትደንግጡ፤ የመጀመሪያውን ስታርሙ ብዙዎቹ አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

የባሰው ኮምፓይለሩ ዝም የሚልበት ስህተት ነው። የሦስት ፈተና ውጤት 7፣ 8 እና 8 ነው እንበል። ድምሩ 23፣ ለ3 ሲካፈል 7.67 ገደማ መሆን አለበት። ቁጥሮቹን «ኢንት» ብላችሁ ካስቀመጣችኋቸው ግን ፕሮግራሙ 7 ብሎ ያርፋል፤ ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ከነጥብ በኋላ ያለው ይቆረጣልና። መልሱን «ደብል» ውስጥ ማስቀመጥ ብቻውን አያድንም፤ ቆረጣው ቀድሞ አልቋል። 3 በሚለው ፈንታ 3.0 ብላችሁ አካፍሉ።

ፈተናው ደግሞ በወረቀት ነው። ስለዚህ ላፕቶፕ የሌለው ወንድም ወይም እህት ዝግጅቱን በደብተር መጀመር ይችላል፤ በስልክ ላይ የሚሠሩ የኮድ መጻፊያ አፖችም አሉ። ለወንድማችን ያሳየሁት ይህን ነው፦ «ድምር» 0፣ «ቁ» 1 ይሁኑ፤ «ቁ» ከ4 እስካልበለጠ ድረስ ሉፑ «ቁ»ን ድምሩ ላይ ይጨምር፣ ከዚያም «ቁ»ን በ1 ያሳድግ። ለእያንዳንዱ ቫሪያብል አንድ ዓምድ አስምሩና ዙር በዙር ሙሉ። ድምሩ 1፣ 3፣ 6፣ 10 እያለ ይሄዳል። ሉፑ ሲያልቅ «ቁ» ስንት ነው? ወንድማችን 4 አለኝ። 5 ነው፤ 5 ባይሆን ኖሮ ሉፑ ባልቆመ ነበር። ሰንጠረዡን ሞልቶ ሲያየው ሳቀ። እኔ ሚድ ላይ ነጥብ ከጣልኩባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነበር።

(በነገራችን ላይ «አልጎሪዝም» የሚለው ቃል የመጣው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ከነበረው ሊቅ ከአል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው። ያኮራል፤ ፈተና ላይ ግን ግማሽ ነጥብም አያስጨምርም።)

አሳይመንት መኮረጅን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እኔም ኮርጄ አስገብቻለሁ፣ 10 ከ10ም አግኝቻለሁ። የ9ኙ መነሻ ያ 10 ነው። የጓደኛችሁን ኮድ ካያችሁ እንኳ ዝጉትና ከባዶ ጻፉት፤ የተጣበቃችሁበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው።

ከወንድማችን ጋር እስከ ፋይናል ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዙህር በኋላ ደብተር ይዘን ልንቀመጥ ተስማምተናል፤ መምጣት የምትፈልጉ አህለን። ዲፓርትመንት የመቀየሩን ነገር ከውጤት በኋላ እናወራበታለን፣ ኢንሻአላህ።