የሱፍ ስጋጃን ሳይጎዱ ስለ ማጠብ

በመቀሌ ከተማ በበጋ ወራት አቧራ ይበዛልና በየአዳራሹ የተነጠፈው የሱፍ ስጋጃ ቶሎ ያድፋል። ስጋጃን የሚያጠፋው ግን አብዛኛውን ጊዜ እድፉ ሳይሆን አጣቢው ነው። በፈላ ውሃ ነክሮ ያሸው እንደ ሆነ ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ይኮማተራል። ሱፍ የእንስሳ ጠጉር ነውና በረኪና ያሟሟዋል፤ የአመድ ውሃም ያደክመዋል። ለነጭ ሸማ የሚበጀው ሁሉ ለሱፍ አይበጅም።

ስለዚህ አስቀድሞ ስጋጃውን በፊቱ ደፍቶ፣ ጀርባውን እየመቱ አቧራውን ማራገፍ ይገባል። ቀጥሎም እርጥብ ነጭ ጨርቅ በአንዱ ጥግ ላይ ጫን አድርጎ ማየት ነው፤ ጨርቁ ቀለም የያዘ እንደ ሆነ ለባለሙያ ይሰጥ እንጂ ውሃ አይንካው። ካልያዘ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና፣ ጠጉሩ ወደሚተኛበት እያበሱ ያጥቡት፤ አይፈትጉት፣ አይጠምዝዙት። ሳሙናው ፈጽሞ ከለቀቀ በኋላ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ተዘርግቶ ይድረቅ። ይህም በክረምት አይሆንምና ከመስቀል በኋላ ይደረግ፤ እርጥቡን የጠቀለለ ሰው ሻጋታ ያተርፋል።

በእንዶድ የሚያጥብ ቢኖር እጣቢውን ወደ ወንዝ አያፍስስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. በአድዋ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አግኝተዋል፤ ዓሣንም ይገድላል።